ይዞ የሚለቅ መድኃኒት

ወንድሜ ሙስዐብ ወፍ ሲጠብቅ ድምፁ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። አገራችን ጨፋ ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ ሁለታችን ማማ ላይ እንወጣለን። እሱ ወንጭፉን እያጮኸ የወፎቹን ዘር ማንዘር ይሳደባል፤ እኔ ጥንቅሽ እያኘክሁ እስቃለሁ። ይህም ሥራ ተብሎ!

አንድ ቀን ከማማው ሲወርድ እባብ ነደፈው። አጠገባችን በሬ ሲያግድ የነበረው አባቴ በሬዎቹ የሰው ማሳ እንዳይገቡ መጀመሪያ አሰራቸው፤ ከዚያ ልጁን ተሸክሞ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ሮጠ። የእባብ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት ወጉት። በዚያው ቀን ሞተ።

"ልጅ ተነድፎ በሬ ይታሰራል?" አለች እናቴ ለቅሶው ላይ። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ግን ባለፈው ረመዳን እስክትሞት ድረስ አባቴን ቀና ብላ አላየችውም። በአንድ ገበታ እየበሉ እንደ ባዳ ኖሩ። አባቴም በሬዎቹን ሸጦ በሌላ ሰው በሬ ማረስ ጀመረ።

እኔ አሁን አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ በባዮሴንሰር እሠራለሁ። ስስ ወርቅ በተለበጠ መስታወት ላይ የእባብ መርዝ ፕሮቲን እናጣብቅና መድኃኒቱን በላዩ እናሳልፋለን። ቀለም አንቀባም፣ ምልክት አንለጥፍም፤ ከወርቁ የሚመለሰው ብርሃን ራሱ ይነግረናል። መድኃኒቱ መርዙን ሲይዝ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ ሲለቀው ይወርዳል።

ዘንድሮ ሙስዐብን የነደፈውን ዓይነት የጨፋ እባብ መርዝ አገኘሁ። መድኃኒቱም ሙስዐብ የተወጋው ዓይነት ነው፤ ለሌላ አገር እባብ የተሠራ። መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ "አይዞህ፣ ያዘው!" አልሁ እንደ እብድ። ወዲያው ቁልቁል ወረደ። ደጋገምሁት፤ ባልደረቦቼም በሌላ መንገድ ሞከሩት። ያው ነው፤ ይይዝና ይለቃል። ወጥቼ ለአባቴ ደወልሁ።

"ዓፊያ! ኢንታላ ኮ፣ ነጋ ጅርታ?" አለኝ በኦሮምኛ፤ ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው።

"አልሀምዱሊላህ። አባ፣ ሙስዐብ የሞተው ስለዘገየህ አይደለም። መድኃኒቱ ለዚያ እባብ አይሆንም ነበር። በአውሮፕላን ብታደርሰውም ያው ነው።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

"በሬዎቹን ባላስራቸውስ?"

"ባታስራቸውም። ወላሂ!"

አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔም አብሬው አለቀስሁ። ኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲያው ነይና ከመቃብሯ ቁጭ ብለሽ ለእናትሽ ንገሪያት" አለኝ። "እኔ ብላት አታምነኝም።"