የዋሽንቱ ድርሻ

የመዘምራኑ አለቃ ሜልኪዮር ልጁን ማክሰኞ ቀበረ፤ ረቡዕ ጠዋት ለእሑድ ጸሎት የሚሆን ሙዚቃ ሊደርስ ተቀመጠ። ሚስቱ ሬጊና ይህን ይቅር አላለችውም። ቶቢያስ ሃያ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጃቸው ነበር፤ በቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ላይ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ትኩሳት በአምስት ቀን ጨረሰው። እናት ፊቷ እስኪያብጥ ስታለቅስ፣ ከአባት ዐይን አንዲት ዘለላ ዕንባ ጠብ አላለችም። ለማጽናናት የመጣውን የዚያን የጀርመን አውራጃ የቱሪንጊያን ሰው ሁሉ የላባ ብርዑን እየቀረጸ "ለእሑድ መድረስ አለበት" እያለ ሸኘው። ድንጋይ እንኳ ጠዋት ጠዋት ያልበዋል፣ አለች ሬጊና በሆዷ።

በዚያ ቤት እሱ ሙዚቃውን ይደርሳል፤ እሷ የእያንዳንዱን ተጫዋች ድርሻ ለየብቻ ትገለብጣለች። ዐርብ ከቀትር በኋላ የገብስ ሾርባው ሳይነካ ቀዝቅዞ፣ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ሬጊና የቫዮሊኑን ጨርሳ ዋሽንቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ኖታ የለም። ሙዚቃው በምት የተከፈለበት ስልሳ አራቱም ክፍል የዝምታ ምልክት ብቻ ነው።

"ሜልኪዮር፣ ዋሽንቱን ረስተኸዋል።"

"አልረሳሁም። ገልብጪው።"

"ማን ሊጫወተው? ዝም ለማለትማ ወረቀት ምን ያደርጋል!"

"በቦታው ይቀመጥ ብያለሁ።"

መከራከሩ ታከታት። ገልባጭ ሁሉ እንደሚያደርገው ወፍራም ሰረዝ አሰመረችና በላዩ 64 ጻፈች። ዝምታ ሲረዝም አይዘረዘርም፤ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ተጫዋቹ በልቡ ይቆጥራል። ወረቀቱን ገፋ አደረገችለት።

ሜልኪዮር ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

"እንዲህ አይደለም! እንዲህ አታድርጊው!"

"ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ አይደል እንዴ የምጽፈው?"

"አንድ በአንድ ጻፊ። በአንድ ሰረዝ አትለፊው፣ ሬጊና።"

"አንተ ሰውዬ! ልጅህ ሲሞት ትንፍሽ ሳትል፣ ዛሬ ለሰረዝ ትጮህብኛለህ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ነው?"

ሜልኪዮር ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። እሷም በንዴት ሌላ ወረቀት ስባ የመጀመሪያውን ክፍል አሰመረች፤ ምልክቱን አኖረችበት።

"አንድ" አለ ሜልኪዮር።

ሁለተኛውን አኖረች።

"ሁለት።"

በመዘምራኑ ፊት ምት እንደሚይዝ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሙሉ ጊዜውን እየሰጠ ቆጠረ። ሃያ አለፉ፤ ሠላሳ አለፉ። ሬጊና ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። አርባ አንድ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ።

"ሁልጊዜ ዝምታውን ቆጥሮ ሳይጨርስ ነበር ወደ ዜማው የሚገባው" አለ። "ቆይ ልጄ፣ ገና ነው እለው ነበር። መቼ ይሰማኛል! ቸኮለብኝ እኮ፣ ሬጊና።"

ከዚያ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ሬጊና በግራ እጇ ራሱን አቀፈች፤ በቀኟ ብርዑን ቀለም ነከረች።

"አርባ ሁለት" አለች፤ የቀረውን እሷ ቆጠረችለት።