የትእዛዙ ግራ እግር

መካኒኩ ጋሼ ገበየሁ እንደሚሉት ጥፋቱ የእግር ነው። ሾፌሩ ዳገት ላይ ፍሬን መያዝ ሲገባው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ መኪናዋን ያንጠለጥላታል፤ ሜዳ ላይም ግራ እግሩን ከፔዳሉ አያነሳም። የፍሪሲዮኑ ዲስክ በአራት ወር ሁለት ጊዜ ተበልቶ ያለቀው በዚህ ነው። ሾፌሩ ትእዛዙ እንደሚለው ደግሞ ጥፋቱ የዘይት ነው። የፍሪሲዮኑ ዘይት ሲበላሽ ፔዳሉ ቢረገጥም ሞተሩን ከማርሹ በደንብ አያላቅቅም፤ ዲስኩ እየተፋተገ ይቃጠላል። ዘይቱ ለምን እንደሚበላሽ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል።

ባለመኪናዋን ማስተዋልን የከነከናት ይህ ዝምታ ነበር።

ስድስት ዓመት ቤይሩት የሰው ቤት ሠርታ የገዛቻት አሮጌ ፒክአፕ ሰቆጣና ኒሯቅ መካከል እየተመላለሰች እሷንና እናቷን እማማ ይታየሽን ታኖራለች። ሦስተኛው ዲስክም ካለቀ መኪናዋ ቆማ ትቀራለች፤ ማስተዋልም ወደ ቤይሩት ትመለሳለች። ጋሼ ገበየሁ ሌላ ሾፌር አዘጋጅተዋል። የእህታቸው ልጅ መሆኑን ስትሰማ እሳቸውንም ጠረጠረች። ይሁን እንጂ ባለፈው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ትእዛዙን ኮፈኑን ከፍቶ ከአንዲት ብልቃጥ ጋር ሲታገል አይታዋለች። እሷን ሲያይ ብልቃጧን ጋቢው ውስጥ ሸሸጋት። ሾፌር ትቀይር እንደሆነ ዛሬ ማታ ለጋሼ ገበየሁ ቁርጡን ልትነግራቸው ቃል ገብታለች።

ስለዚህ ከትእዛዙ ጎን ተቀምጣ ወደ ኒሯቅ ወረደች፤ ዓይኗ ከኮንጎ ጫማው አልተነሳም። እግሩ ማርሽ ሲለውጥ ብቻ ይረግጣል፤ ወዲያው ወለሉ ላይ ያርፋል። ፍየሎች መንገድ ሲያቋርጡ ማርሹን አውጥቶ በፍሬን ያዘ።

«ማስተዋል፣ ከእግሩ ጋር ልትታጪ ነው እንዴ?» አለች በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው የገብስ ነጋዴዋ ጥሩሐረግ። «ፊቱም እኮ አይከፋም!»

ትእዛዙ አልሳቀም። ስለማየው ይጠነቀቅ ይሆናል አለች ማስተዋል በልቧ።

ከገበያ ሲመለሱ፣ ሰቆጣ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ዳገቱ ወገብ ላይ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጭቃ እንደረገጡ ሰመጠ። ማርሹ እየጮኸ አልገባም አለ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ ደገፉና ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ተያያዙት። ትእዛዙ ኮፈኑን ከፍቶ ጀርባውን ሰጣት።

«ዞር በል፣ ልየው» አለችው።

ጥቂት አመነታና ፈቀቅ አለ። የፍሪሲዮኑ ዘይት ዕቃ ከሻይ ብርጭቆ አትበልጥም። ክዳኗን ስታነሳ ውስጡ እንደ ገብስ እጣቢ ደፍርሷል።

«ብልቃጧስ?»

ከወንበሩ ሥር አወጣት። ግማሽ ድረስ ለፍሪሲዮንም የሚሆን ንጹሕ የፍሬን ዘይት ነበረባት።

«ዘይቱን ቀድተህ የምትወስድ መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ ማስተዋል።»

«ታዲያ የምትጨምር ከሆነ ምን ያስደብቅሃል?»

ዓይኑ ሳይፈልግ ወደ ዘይት ዕቃዋ አንገት ሄደ። እሷም ተከትላ አየች፤ በቅባት የጠቆረ ክር ዙሪያውን ታስሯል። ሦስት ቋጠሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተመለሰ። ወደ ቤይሩት በሄደችበት ቀን አንገቷ ላይ ማተብ ያሰሩላት እጆች እንዲህ ነበር የቋጠሩት።

«እናቴ ናት?»

«እንዳትቆጫቸው» አለ ቶሎ። «ጠዋት ጠዋት ለራዲያተሩ ውሃ ስጨምር ያዩኛል። መኪናም ይጠጣል ለካ አሉ። ከጥምቀት ወዲህ አርብ አርብ ከጸበል ሲመለሱ፣ ለትልቁ ለራዲያተሩ አይበቃም ብለው ትንሿ የዘይት ዕቃ ውስጥ ከጸበሉ ጠብ ያደርጉላታል። የሰው ነፍስ የምትጭን ናት፣ ትጠበቅ ነው የሚሉት። እኔም ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እቀዳና በንጹሕ እለውጣለሁ። ሥር የገባው ግን አይወጣም፤ ብረቱን ያዝገዋል፣ የውስጡን ላስቲክ ጎሚኒ ይበላዋል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ጸበል መኪና አበላሸ ብዬ? እሳቸውስ የት ይግቡ?»

ከዚያ ድፍርሱን አስወጥቶ በብልቃጧ ንጹሕ ዘይት ሊተካ መኪናዋ ሥር ገባ። ማስተዋል መሪው ጋ ተቀምጣ ግራ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች።

«ርገጪ… ያዢ… ልቀቂ!» ይላል ከሥር። «ርገጪ!»

ደጋግማ ረገጠች። ድፍርሱ ውሃ አቧራው ላይ ሲንጠባጠብ በተከፈተው በር ታየዋለች። እውነቱን ብትናገር ጋሼ ገበየሁ እስከ እሑድ ድረስ ሰቆጣን ሁሉ ያስቁባቸዋል፤ እናቷም ልጃቸውን መልሰው ሊያሰድዱ የነበሩት ራሳቸው መሆናቸውን ያውቃሉ። ዝም ብትል ደግሞ ፍሪሲዮን በላ ለተባለ ሾፌር ማን መሪ ይሰጠዋል? ፔዳሉ እግሯን ወደ ላይ መግፋት ሲጀምር እሷ ገና አልወሰነችም።

ግቢያቸው ሲደርሱ ጋሼ ገበየሁ የእህታቸውን ልጅ ይዘው ቆመዋል። ዕለቱ አርብ ነበር፤ እማማ ይታየሽም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትንሿን የጸበል ጀሪካን አንጠልጥለው ከበር ገቡ።

«እህሳ፣ እግሩን አየሽው?» አሉ ጋሼ ገበየሁ።

«አየሁት።»

«ዘይቱንስ? እኔ ባለፈው ስፈታው ውሃ ውሃ ይል ነበር። ይሄ ልጅ ዘይቱን ሸጦ በውሃ ነው የሚተካው!»

ትእዛዙ አንገቱን አቀረቀረ። እማማ ይታየሽ «ውሃ» የሚለውን ሲሰሙ ቆም አሉ፤ ጀሪካኗን ወደ ደረታቸው አስጠጓት፤ ዓይናቸው ከመካኒኩ ወደ ልጃቸው ተንከራተተ።

ማስተዋል መጀመሪያ ትእዛዙን፣ ቀጥላ እናቷን አየች።

«ጋሼ ገበየሁ፣ ውሃውን ሳላውቅ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ነገም የሚነዳው ትእዛዙ ነው። እማዬ፣ ከእንግዲህ ጸበሉን እሱን አጠጪልኝ።»