ፋብሪካ ያልነካው

ገበያ መደብር ውስጥ ታናሽ ወንድሟ ብስኩቱን ከቅርጫቱ አውጥቶ የማሸጊያውን ጀርባ ማንበብ ሲጀምር የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። አባታቸው ድዳቸው ቆስሎ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ካወለቁ ወዲህ ምግብ እንቢ ብለው ሰንብተው፣ ዛሬ ጠዋት ገና «ብስኩት በወተት ነክራችሁ ስጡኝ» ብለው ነበር።

«እታለም፣ ይሄ እኮ ምግብ አይደለም» ብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰው። «ፋብሪካ የነካው ነገር አባባ አፍ አይገባም።»

«ጥርሳቸውስ ከየት የበቀለ መሰለህ? ከጓሮ?»

ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቋን ዋጠች። እሱ ግን ወደ አትክልቱ አለፈ። ትናንት ለስላሳ በጠርሙስ በጠርሙሱ ሲገለብጥ የኖረ ሰውዬ፣ ዛሬ የጤና ሊቅ ሆኖ ጥሬ ካሮት እያሸተተ ይመርጣል። ለውዝ ጨመረ፤ ያልተፈተገ ስንዴ ጨመረ። ጥርስ ለሌላቸው ሰው!

እሷ ተመልሳ ብስኩቱን ገዛች። አባታቸው የሚኖሩት እሱ ቤት ነበርና ወንድምዬው በር ላይ ቦርሳዋን ፈትሾ ብስኩቱን ወሰደባት። ለሽማግሌው የቀረበላቸው የተፈጨ ካሮት ነው። አንዴ አዩት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም፤ በዚያው ሳምንት አረፉ።

ለቀስተኛው ሲበዛ ጎረቤቶች ሻይና ብስኩት አዞሩ። ወንድምዬው ሲያለቅስ ውሎ ርቦት ኖሮ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያብስ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። ልብስ ሰፊዋ ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ቆይ እንጂ የኔ ጌታ» አለችው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። «ጀርባውን ሳታነብ?»