ልጄ ላይ የወጣው እብጠት

የሰው ስልክ መስማት ልማዴ አይደለም፤ የወጥ ቤታችን ግድግዳ ግን ስስ ነው። ለዕረፍት የመጣችው ልጄ ለሥራ ባልደረባዋ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «እብጠቱ አልጠፋም። እንዲያውም ትንሽ አድጓል። እስኪረጋገጥ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

የማጥበው ሰሃን ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ሥራዋ ከመሬት በታች ነው፤ ክብ ዋሻ ውስጥ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን እያጋጩ፣ ከፍርስራሹ መካከል ማንም ያላየውን አዲስ ቅንጣት ይፈልጋሉ። ያ ዋሻ ከመጀመሪያውም አላማረኝም። ጨረሩ በላት፣ አለቀልኝ አልኩ።

ለእህቴ ብነግራት፣ «አንቺ ደግሞ፣ ሞት ሳይጠራሽ ‹አቤት› ትያለሽ» ብላ አሾፈችብኝ። እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ? ልጄ ምግቡን ነካክታ ትተወዋለች፤ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትበረግጋለች። ባቀፍኳት ቁጥር አንገቷንና ብብቷን እዳብሳለሁ።

«እማ፣ ጉምሩክ ሆንሽ እንዴ?» ትለኛለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቷ አመድ መስሎ ከክፍሏ ወጣች። «እብጠቱ ጠፋ» አለች።

«ተመስገን!» ብዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ።

ደንግጣ አየችኝ። የፈራሁትን ሁሉ ስዘረግፍላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። እብጠት የሚሉት ግራፍ ላይ መስመሩ ባልተጠበቀ ቦታ ከፍ ሲል ነው አለችኝ። የአዲስ ቅንጣት ምልክት ሊሆን ይችል ነበር፤ ተጨማሪ መረጃ ሲገባበት ግን መስመሩ ተስተካከለ። ወጣትነቷን የጨረሰችው ያንን ቅንጣት ስትፈልግ ነው።

«እንዲጠፋ ስጸልይ ነበር» አልኳት።

«ሰምቶሻላ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

ሌላ ቦታ መፈለግ አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዋሻው ውስጥ ያለው መሣሪያ አቅሙ እዚህ ድረስ ነው፤ ከእሱ የሚበልጠው ገና በሐሳብ ላይ ነው፤ ቢሠራም እሷ ሽበት ካበቀለች በኋላ ነው አለችኝ።

«የአዲሱ ዋሻ ከአሁኑ ይጠልቃል?»

«በጣም። ርዝመቱም እጥፍ ድርብ ነው።»

ይሄኛውማ ጭራሽ አላማረኝም። ግን ቀና ብላ እንድታየኝ አገጯን ያዝኩና፣ «አዎ» እንድትለኝ እየለመንኩ፣ «ይሠሩታል አይደል?» አልኳት።