በተራው ይወድቃል

በክሪ እሁድ ጎሚስታውን ዘግቶ፣ እጁን ሁለቴ በሳሙና ፈትጎ፣ ከአስር ሰዓት በፊት የነጅዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ያልደረሰበትን ቀን የጭሮ ሰው አያስታውስም። የቀረውን ሳምንት ጎማ ሲለጥፍ ይውላል፣ በዝምታ። ተብታባ ነዋ! አንድ ቃል ሲጀምር ሰሚው አዝኖ ይጨርስለታል፤ የሚጨርስለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቃል ነው። እናቱ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ያጽናኑታል። ባይነቅዝም ይከብዳል።

እሁድ ግን አባ ቦራ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ በሚጫወቱት ጨዋታ ነጅዋ ታሪክ ትተርካለች፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናል፣ የሚገጥመውን ደግሞ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። በክሪ የሚጫወተው ቦራ የተባለ ፈረስ ያለውን ጦረኛ ነው፤ ጀግናን በፈረሱ ስም መጥራት የአገር ወግ ነውና አባ ቦራ ተባለ። አባ ቦራ ሲፎክር ምላሱ አይያዝም። ለምን እንደሆነ በክሪ ራሱ አያውቅም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አላህን ሲያመሰግንበት ኖሯል እንጂ።

ታዲያ አንድ እሁድ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ፈረሱ ቦራ በቀስት ተመታ።

ነጅዋ ደብተሩን ገለጠች። የጨዋታውን ሕግ ከእንግሊዝኛ መልሰው በእጃቸው የጻፉላቸው የድሮ መምህራቸው ቲቸር እንዳሻው ናቸው፣ ጡረታ ወጥተው ሂርና ከመግባታቸው በፊት። «ፈረሱ ሲወድቅ ጋላቢው በተራው ይወድቃል» ይላል።

«በቃ፣ አብሮ ገደል ገባ» አለች ገሊላ፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ። «በተራው ማለት እሱም እንደ ፈረሱ ማለት ነው። ነፍስ ይማር!»

በክሪ ደሙ ፈላ። በተራው ማለትማ ተራው ሲደርስ ነው! ተራው ሲደርስ ደግሞ ከኮርቻው ዘሎ ድንጋይ ሊይዝ ይችላል። አባ ቦራ ከሞተ በክሪ የሚናገርበትን አፍ ከየት ያመጣል? ግን ሕግ የሚከራከረው ተጫዋቹ እንጂ ጦረኛው አይደለም።

«ተ... ተ...»

«ተወው?» አለች ገሊላ፣ ልታግዘው።

«ተ... ተራው!»

ነጅዋ ደብተሩን አገላብጣ አየች። «ያ በክሪ፣ ወላሂ ለእኔ ሁለቱንም ይመስላል። የጻፉት ሰው ሂርና ቁጭ ብለው እኛን ምን ያጨቃጭቀናል? ደውልላቸው።»

«አ... አንቺ...»

«የሚሞተው የማን ሰው ነው? አንተ ደውል።»

ስልክ ጠላቱ ነው። ከስልክም የገዛ ስሙ ይብስበታል።

«ሃሎ? ማን ልበል?» አሉ ቲቸር እንዳሻው።

በክሪ ከንፈሩን ገጥሞ ታገለ። ሌላ ሰው ቢሆን «ኔትወርክ ነው» ብሎ ይዘጋ ነበር። እሳቸው አልዘጉም፣ አልገመቱም። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል።

«በ... በክሪ ነኝ።»

«በክሪ! ልጄ፣ ደህና ነህ? ንገረኝ።»

ነገራቸው። ገደሉን፣ ቀስቱን፣ ኮርቻውን፣ የቃሏን ሁለት ፍቺ፣ የእሱንም የገሊላንም ክርክር። ነጅዋ ሻይ አዝዛ መጣላት፣ ጠጥታ ጨረሰች፣ እሱ ገና ነው። ማንም ግን ቃል አላቀበለውም።

ቲቸር እንዳሻው ከት ብለው ሳቁ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የፈረንጁ መጽሐፍም ቁርጡን አልተናገረም፣ እኔም አባስኩት። ግን ልዋሽህ አልችልም፤ የጻፍኩት 'እሱም ይወድቃል' ለማለት ነው።»

ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ለሁሉም ተሰማ። «እሺ ይዳን በቃ፣ እኔ ልሸነፍ» አለች ገሊላ፣ ፊቱን አይታ።

በክሪ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ዘጠነኛ ክፍል ትዝ ብሎት ነበር። ክፍሉ ሁሉ ቃሉን እየቀማ ሲጨርስለት፣ ጠመኔያቸውን ይዘው፣ መልሱን ራሱ እስኪጨርስ ቆመው የሚጠብቁት እኚህ ሰው ብቻ ነበሩ። ያኔ ምንም አላላቸውም።

«ቲቸር፣ አ... አመሰግናለሁ።»

«ለደብተሩ ነው? ስህተት ለሞላው!»

«ስለ... ስለጠበቁኝ።»

ከሂርና በኩል የአፍንጫ መናፈጥ ተሰማ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ የማመሰግነው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

አባ ቦራ ወደቀ። በክሪ ዳይሱን ራሱ ወርውሮ፣ እያስፎከረ ገደል አስገባው። አዘነ፣ አልዋሽም፤ ግን የፈራውን ያህል አልሆነም።

ነጅዋ አዲስ ወረቀት ከማሽኑ ሥር ሳበች። «የአዲሱ ሰውህ ስም ማነው?»

«በ...»

ገሊላ አፏን ከፈተች። ምን ሊል እንደሆነ ሁሉም አውቀውታል። አፏን በእጇ ከደነች። ጠበቁት።

«በ... በ... በክሪ።»

ነጅዋ ጻፈችው።