የኖላዊት ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ሣህሊቱ የልጅ ልጇን የኖላዊትን ጫማ እያሰረች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ከነከዘራቸው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጎረቤቷ እናኑ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ሽምግልና መሆኑ ወዲያው ገባት። ቤቷ ውስጥ ግን የተጣላ ሰው አልነበረም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ፣ እንደ ወጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖላዊት አባት ክላላም ነው፤ ከባሕሩ ማዶ ካሉት፣ የተሰደድንበት አገር ነባር ሰዎች። እናቱ በየቅዳሜው በፌሪ ጀልባ ተሻግራ፣ ሬኒየር ቫሊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቋንቋቸውን ታስተምራለች። የቤተ ክርስቲያኑ የአማርኛ ትምህርትም በዚያው ሰዓት ነው። ወላጆቿ ቅዳሜ ሥራ ስለሚገቡ ልጅቷን የምታመላልሰው ሣህሊቱ ናት። ሽማግሌዎቹ የመጡት የክላላሙን ትምህርት እንድታስተዋት ነው።

«ልጅቷ አማርኛዋን ልትረሳው ነው» አሉ ጋሽ።

«ሰባቱንም ቀን የምቆጣት በምን ቋንቋ ሆነና?»

«ለመሆኑ ስንት ሰው ነው የሚናገረው?»

«አፉን በሱ የፈታ ሰው አልቋል፣ ጋሽ። አሁን ያሉት ተምረው ያወቁት ናቸው።»

«በይ እንግዲህ!» አለች እናኑ፣ የረታች መስሏት። «ደግሞ አንቺም ከሕፃናት ጋር ትቀመጫለሽ አሉ። በዚህ ዕድሜ ሀሁ!»

ይቺ ሣህሊቱን ወጋቻት። ሁለት ወር ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች፤ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቀን አፏን ከፍታ አታውቅም። ቤቷ ሰሃን ስታጥብ ብቻ ትለማመዳለች፦ «ሂያእ ትስን»፣ እሄዳለሁ። በነሱ ቋንቋ መጀመሪያ መሄዱ ይባላል፣ ከዚያ ሂያጁ።

«እሺ በይና እንቀመጥ» አሉ ጋሽ፣ ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ።

«ጉልበትዎን አውቃለሁ፣ ይቀመጡ። እሺ ግን አልልም። እሷ የሁለታችንም ወገን ልጅ ናት፤ የነሱን ግማሽ ከላይዋ ቆርጬ አልጥልም።»

«ሽማግሌ አቁመሽ ልትሄጂ?»

«ዳቦና ሻይ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስትወጡ በሩን ሳቡት።»

በሰፈራችን ሽማግሌ አቁሞ የሄደ ሰው ሰምተን አናውቅም። እሷ ሄደች። ባቡሩ ውስጥ ጎንበስ ብላ ሳይታሰር የቀረውን ጫማ አሰረች።

«አያቴ፣ አር ዘይ ማድ?» አለች ኖላዊት።

«ይናደዱ።»

ክፍል ሲደርሱ አስተማሪዋ ማን እንደሚጀምር ጠየቀች። ሣህሊቱ ተነሣች። ሕፃናቱ ዞረው አዩዋት።

«ሂያእ ትስን።»

አስተማሪዋ አረመቻት። ደገመችው። አሁንም አረመቻት። ሦስተኛውን ጮክ ብላ ስትለው፣ ከክፍሉ ውጭ ሲያነብ የነበረ ሰውዬ በሩን ገፋ አድርጎ «ሽሽሽ!» አላት።

«ሽሽ ራስህ!» አለችው በአማርኛ፤ ከዚያ በክላላም ወደ «እንሄዳለን» አለፈች።