ጥሪና መጥሪያ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር መኪናውን በአስመጪው የመኪና ጥገና ድርጅት ግቢ ውስጥ ሲያቆም፣ ባለቤቱ ከኋላ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከደረጃ ወድቃ የተሰበረው ቀኝ ጉልበቷ በብረት ተጠግኗል፤ ነገር ግን አልታጠፍ ብሏል። ስለዚህ ጀርባዋን ለአንደኛው በር ሰጥታ፣ እግሯን በወንበሩ ርዝመት አጋድማ፣ ጭኗን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትጓዘው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር እግሯ ይንሸራተታል። በተንሸራተተ ቁጥር ሴትዮዋ ጥርሷን ትነክሳለች እንጂ አትጮኽም፤ ይህም ለባሏ ከጩኸት የባሰ ነበር።

የፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ እግር እንደ ልብ ያስዘረጋል። በዚያ ወንበር ላይ ግን ሰው እንዳይቀመጥ ተከልክሏል። ከአሥራ አንድ ወር በፊት ከአስመጪው ድርጅት የመጣው ደብዳቤ እንደሚለው፣ ተሳፋሪውን ከግጭት የሚከላከለውን የአየር ከረጢት፣ ኤርባጉን፣ የሚነፋው ዕቃ ጉድለት ተገኝቶበታል። በግጭት ጊዜ ሊፈነዳና የብረት ስብርባሪ ወደ ተቀማጩ ፊት ሊረጭ ይችላል። መለወጫው እስኪገባ ድረስ ወንበሩ ባዶውን ይሁን፤ ዕቃው ሲደርስ በየተራችሁ በስልክ እንጠራችኋለን ይላል።

ሰውየው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ነው። ባልደረቦቹ «ይቅረብ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር፤ በአዳራሹ ደጃፍ ቆሞ ባለጉዳይ ሲያስጠራ ድምፁ እስከ ውጭው አጥር ይሰማ ነበርና። የተጻፈ ነገር ለእሱ የተጻፈ ነው። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ የዳቦ ከረጢት እንኳ አስቀምጦ አያውቅም።

ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ያስቈጣው ግን ጉድለቱ ሳይሆን ርእሱ ነበር። አናቱ ላይ በደማቁ «የደኅንነት ጥሪ» ይላል።

«ጥሪ!» ብሎ ነበር ለባለቤቱ፣ መነጽሩን አውልቆ። «ሰው ሊሞት ይችላል እያሉ ጥሪ ይላሉ! ጥሪ ለሠርግ ነው። ጥሪ ለምርቃት ነው። የፈለገ ይሄዳል፣ ያልፈለገ ይቀራል። ይህ መጥሪያ ነው! መጥሪያ የደረሰው ሰው አይቀርም።»

«እሺ፣ መጥሪያ ነው» አለች እሷ። ከእሱ ጋር በቃል ጉዳይ መከራከር ዕድሜ ማባከን መሆኑን ካወቀች ቆይታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ደብዳቤው «መጥሪያው» ተባለ።

መጥሪያው መጣ፤ ዕቃው ግን አልመጣም። ሰኞ ሰኞ ይደውላል። መጀመሪያ ዕቃው ገና እየተመረተ ነው አሉት። ቀጥሎ መርከብ ላይ ነው አሉት። ኋላማ ሙዚቃ ብቻ እያሰሙ ያቆሙት ጀመር። የሚስቱ ጉልበት እስኪሰበር ድረስ ይህ ሁሉ ንዴት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በሳምንት ሦስት ቀን ጉልበቷን የምታለማምዳት ሐኪም የምትሠራው መኖሪያ ቤታቸው ከሚገኝበት ዳገት ማዶ ነው። ታክሲም ሞክረው ነበር፤ ባለታክሲው ኮረኮንቹን ሁለት ጊዜ ካየ በኋላ ሦስተኛውን ጊዜ ስልኩን ዘጋ። በኋላ ወንበር ተንገላታ ስትደርስ ደግሞ ጉልበቷ አብጦ ስለሚገኝ ሐኪሟ ልትነካው አትችልም። ባለፈው ሳምንት በግልጽ ነግራቸዋለች፤ «በዚህ ወር ካላጠፍነው እንደ ምርኩዝ ቀጥ ብሎ ይቀራል። እብጠት ይዛችሁብኝ አትምጡ።»

የዛሬው ቀጠሮ አምስት ሰዓት ላይ ነው።

«አሥር ደቂቃ» አላት ሬጅስትራሩ ከመኪናው እየወረደ።

«ያንተ አሥር ደቂቃ የችሎት አሥር ደቂቃ ነው። አያ ይቅረብ፣ ነገር አታርዝም፣ እባክህ!»

«መስኮቱን ክፍት አድርጌልሻለሁ።»

«መስኮቱን ተወውና የእነሱን አፍ አስከፍት።»

በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ሰባት ባለመኪኖች በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ አዲስ መኪና ያለ ድምፅ ተራራ ሲወጣ ያሳያል፤ ወጥቶ ሲጨርስ ተመልሶ ከሥር ይጀምራል። ሬጅስትራሩ የወረፋ ወረቀት ቈርጦ ተቀመጠ። ተነሣ። በመስተዋቱ አሻግሮ መኪናውን አየ። ተቀመጠ።

«አይቸኩሉ አባቴ» አለው ጫማው ላይ ዱቄት ያለበት ዳቦ ጋጋሪ። «እኔ ስመላለስ ይኸው አምስተኛዬ ነው። ሚስቴን ከኋላ አስቀምጬ ስነዳ ሰፈሩ ሁሉ ‹በስንት ብር ቀጠረችህ?› ይለኛል።»

«አንተስ ዕድለኛ ነህ» አለች አጠገቡ የተቀመጠች አስተማሪ። «የእኔ አማት ከኋላ ሆነውም ፍሬን ይይዛሉ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሬጅስትራሩ አልሳቀም፤ እንደገና ተነሥቶ ሰዓቱን አየ። ቁጥሩ ሲጠራ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነበር።

ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ የሰሌዳ ቁጥሩን ጻፈች፤ ጠበቀች፤ ቅንድቧን አነሣች።

«አባባ፣ የእርስዎ ፋይል ተዘግቷል።»

«ምን ተብሎ ተዘጋ?»

«‹ተጠርተው አልቀረቡም› ይላል።»

ሬጅስትራሩ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። ይህን ቃል ከእሱ የተሻለ የሚያውቀው አልነበረም። ዳኛው ያዝዛሉ፣ እሱ ይጽፋል፤ «ተጠርቶ አልቀረበም፤ መዝገቡ ተዘግቷል»። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፈው ቈጥሮት አያውቅም። በጽሕፈቱ ማማር ግን ይመሰገን ነበር፤ ፊደሉ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ፣ መስመሩ ሳይዛነፍ። ያ ያልቀረበው ሰው እንዴት እንደተጠራ፣ ማን እንደጠራው፣ ጥሪውን ሰምቶት እንደሆነ ለመጠየቅ ብዕሩን አስቀምጦ አያውቅም።

«ማንም አልጠራኝም» አለ፤ ድምፁ ከቀድሞው ሥራው ተርፎ አዳራሹን ዝም አሰኘው። «አሥራ አንድ ወር ከስልክ አልራቅሁም!»

«ተደውሎልዎታል እኮ፣ አባባ። የዛሬ አምስት ሳምንት፣ በሰጡን በቤት ስልክ ቁጥር። ንግግሩ ተቀድቷል። ላሰማዎት?»

«አሰሚኝ።»

ጸሐፊዋ አንድ ቁልፍ ተጫነች። በመጀመሪያ የራሷ ድምፅ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጥሪው ነበር የደወልኩት። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መገኘት ትችላላችሁ?»

«ውይ፣ የኔ ልጅ! እኛንም አስታወሳችሁን!» አለ ሌላ ድምፅ፤ የሚስቱ ድምፅ። «ምን ላድርግ፣ እግሬ ተሰብሮ ቤት ውያለሁ። እሱም እኔን ጥሎ የትም አይሄድ። ቀሩብን ብላችሁ እንዳትቀየሙ።»

«እ… ይቅርብን ነው የሚሉት?»

«አዎ፣ ለዛሬው ይቅርብን። እኛን ሳትጠብቁ ቀጥሉ። ደስታችሁ ደስታችን ነው!»

ዳቦ ጋጋሪው ሳቁን ለመዋጥ ሞክሮ አልቻለም። አስተማሪዋ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች። ሬጅስትራሩ ጆሮው ድረስ ጋለ። ጥሪ ለሠርግ መሆኑን ለዚያች ሴት ያስተማራት ማን ነው? በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አፉ፣ መነጽሩን አውልቆ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው።

«የኔ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ፤ «የምን ጥሪ እንደሆነ ለምን አልነገርሻትም?»

«የተሰጠን ወረቀት ‹ስለ ጥሪው› በሉ ነው የሚለው።» ከጠረጴዛዋ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ አሳየችው። እውነትም እንደዚያ ይላል። «በቀን ስልሳ ሰው ነው የምጠራው። ‹ይቅርብን› ያለኝን እዘጋለሁ።»

«ታዲያ አሁን?»

«እንደ አዲስ ልመዘግብዎት እችላለሁ። የሚቀጥለው ጭነት መቼ እንደሚገባ ግን እኛም አናውቅም።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መደርደሪያው ላይ አንድ ቀርቷል። የተያዘለት ሰው ለዛሬ ሁለት ሰዓት ተጠርቶ አልመጣም። እስከ አራት ሰዓት ካልመጣ ፋይሉን ዘግተን ቀጥሎ ላለ፣ እዚህ ለተገኘ ሰው እንሰጣለን። ሌሎቹ ሁሉ ገና ተራቸው አልደረሰም፤ የእርስዎ ተራ ግን ካለፈ ቆይቷል። ይቀመጡ። ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

ሬጅስትራሩ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለአራት ስምንት ደቂቃ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት፤ አራት ተኩል። ሚስቱን ፊት አስቀምጦ፣ ወንበሩን እስከ ጥግ ገፍቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ አምስት ሰዓት ላይ ሳታብጥ ያደርሳታል። ሄዶ ተቀመጠ። እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ አኖረ፤ አነሣቸው፤ የኮቱን ቁልፍ ፈታ፤ መልሶ ቈለፈ። አንድ መኪና ወደ ግቢው ሲገባ ደነገጠ። የሌላ ጉዳይ ነበር፤ አልፎ ሄደ። በመደንገጡ አፈረ። በሕይወቱ አንድ ሰው እንዳይቀርብ እንደዚህ ተመኝቶ አያውቅም።

ለአራት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«ያንን ሰው ስንት ጊዜ ጠራችሁት?»

«አንድ ጊዜ፣ ትናንት። አላነሣም።»

«ድገሚው።»

«አባባ!» ጸሐፊዋ ዓይኗን አፈጠጠችበት። «አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ዝም ብለው ይቀመጡ።»

«ድገሚው አልኩሽ፣ ልጄ።»

«ምን ነካዎት አባቴ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «እኔ ብሆን የስልኩን ገመድ እቈርጥላት ነበር!»

«እኔ ሳልሰማ ተጠርቶ አልቀረበም ተብዬ አንተም ስቀህብኛል» አለ ሬጅስትራሩ ፊቱን ሳይመልስ። «እሱስ ሰምቶ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?»

ጸሐፊዋ ስልኩን አነሣች። ጠራ። ጠራ። ሬጅስትራሩ በልቡ «አታንሣ» ሲል ራሱን አገኘው። በአምስተኛው ላይ ከመጋዝ ጩኸት መሐል አንድ ሰው «አቤት!» አለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ጥሪ…»

«ጥሪ አትበይው!» አላት ሬጅስትራሩ። «የመኪናህ ዕቃ መጥቷል፣ አሁኑኑ ና በይው።»

እንዳላት አለች። መጋዙ ቆመ።

«ዕቃው? ትናንት የደወላችሁት እናንተ ናችሁ እንዴ? የማላውቀው ቁጥር ስለሆነብኝ ነው ያላነሣሁት! መጣሁ፣ ቅርብ ነኝ፣ አሥር ደቂቃ! ለማንም እንዳትሰጡብኝ፣ በእናታችሁ!»

ጸሐፊዋ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ሬጅስትራሩ ዞረች።

«እንግዲህ የእኔን ክፈቺው» አላት። «‹በአግባቡ አልተጠራም› ብለሽ ጻፊበት።»

«ጽፌያለሁ። ከሁሉ በላይ አስገብቼዎታለሁ።»

«ከሁሉ በላይ አላልኩሽም። ሳይዘጋ በፊት ስንተኛ ነበርኩ?»

ፈለገች። «በዚያ ጭነት… አንደኛ ነበሩ።»

«እንግዲያው እዚያው ተዪኝ» ብሎ ወጣ።

ባለቤቱ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቀው ነበር። «አርባ አምስት ደቂቃ! ምን አሉ?»

በሩን ከፍቶ ቆሞ ነገራት። ነገር የመደበቅ ልማድ ስላልነበረው የተቀዳውንም ድምፅ አልደበቀም፤ የእሷን ቃል አንድ በአንድ ደገመላት። መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ እግሯ እስኪያማት ሳቀች።

«እኔም እኮ በሐሙስ የሚደገስ የምን ሠርግ ነው ብዬ ገርሞኝ ነበር!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። ወዲያው ሳቋን ገታች። «ቆይ ግን። ያ መደርደሪያ ላይ ነበር ያልከው ዕቃ ላንተ ሊሰጥህ ነበር?»

«አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።»

«አንተም አስደወልክ።»

«አስደወልኩ።»

ጉልበቷን ተመለከተች። በፋሻው ሥር እብጠቱ ገና ከአሁኑ ጀምሯል።

«ይህን እግር ሳትጠይቀው» አለች።

ሬጅስትራሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን አየ። «አዎ» አለ። «ሳልጠይቀው።»

ወደ መሪው ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር አንድ መኪና አቧራ እያስነሣ ወደ ግቢው ገባ። የፊተኛው የተሳፋሪ በር ከውጭ እስከ ውስጥ በወፍራም ገመድ ታስሯል፤ ማንም እንዳይከፍተውና እንዳይቀመጥበት። ከኋላ አራት ሕፃናት አንዱ በአንዱ ጭን ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ የትንሿ ጉንጭ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል። ነጂው፣ የእንጨት ብናኝ በፀጉሩ ላይ የሞላበት አናጢ፣ በሩን ሳይዘጋ ወደ አዳራሹ ሮጠ።

«እሱ ነው?» አለች።

«ይመስለኛል።»

ሴትዮዋ ልጆቹን ለረጅም ጊዜ አየች። ትንሿ ምላሷን አወጣችባት።

«ልክ ነህ» አለች ባለቤቱ ዓይኗን ከልጆቹ ሳታነሣ። «ዛሬ ግን ላመሰግንህ አልችልም። ንዳ፤ ቀስ ብለህ፣ ቀጠሮው ሳያልፈን።»

ነዳ።